የ.22 ጥይት ዋጋና አቅርቦት፦ የቱን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንግዛ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለኢላማ ተኩስ ብዬ ሩገር 10/22 ገዝቻለሁ፤ ጓደኛዬ ሲዜድ 457 አለው። አንዱ ሱቅ 500 ጥይት በ35 ዶላር ሲሸጥ ሌላው ያንኑ በ50 ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ነው። ርካሹን ስተኩስ ከ20 አንዱ ይከሽፋል። በወር ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ፣ በየጊዜው 200 ያህል እተኩሳለሁ። እንደ 2020ው ሳይጠፋ በብዛት ገዝቼ ላስቀምጥ? ወይስ ውዱን ልግዛ?»

የአንድ ዓመት ፍጆታዎን ገዝተው ያስቀምጡ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግዎትም። ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ። ከ20 አንድ መክሸፍ ለርካሽ ጥይትም ቢሆን በዝቷል። ጥፋቱ የጠመንጃው ከሆነ የፈለጉትን ያህል ውድ ጥይት ቢገዙ አብሮዎት ይኖራል።

የ.22 ጥይት ሪምፋየር ከሚባለው ዓይነት ነው፤ እሳት የሚጭርበት ቅመም እንደ ክላሽ ጥይት ከቀለሁ ቂጥ መሃል አይደለም፤ በቀለሁ የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ነው። በፋብሪካ እርጥቡ ቅመም ባዶው ቀለህ ውስጥ ይደረግና ወደ ጠርዙ ተገፍቶ እንዲሞላ ይደረጋል። ቅመሙ ያልደረሰበት ትንሽ ክፍተት ከቀረ፣ መቺው መርፌም በዚያች ቦታ ላይ ካረፈ፣ ጥይቱ ይከሽፋል። ርካሽ የጅምላ ጥይት በፍጥነት ስለሚመረት ይህ ክፍተት ይበዛበታል።

የጥይቱን ጥፋት ከጠመንጃው የሚለዩት እንዲህ ነው። ቃታ ስበው ጥይቱ ዝም ካለ አፈሙዙን ከኢላማው አቅጣጫ ሳያነሱ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ አልፎ አልፎ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ከዚያ ያውጡትና ጠርዙ ላይ ያረፈውን የመርፌ ምት ይመልከቱ። ምቱ ጥልቅና ጥርት ያለ ከሆነ ጥይቱን ግማሽ ዙር አዙረው መልሰው ያጉርሱትና ይተኩሱ። አሁን ከፈነዳ የመጀመሪያው ምት ቅመም በሌለበት ነበር ያረፈው፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ምቱ ደብዛዛ ከሆነ፣ ወይም ሳያዞሩት እዚያው ቦታ ላይ ሁለተኛ ሲመታ የሚፈነዳ ከሆነ ግን ፊትዎን ወደ ጠመንጃው ያዙሩ።

በ10/22 ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ጥይቱ መጉረሻው ውስጥ እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ነው። የ.22 እርሳስ ከላዩ ሰም የተቀባ ነው። ሰሙ፣ የእርሳሱ ፍቅፋቂና ጥላሸቱ መጉረሻው ውስጥ ሲጋገሩ ጥይቱ ጥቂት ይቀረዋል። ያኔ የመርፌው ጉልበት ጠርዙን መጨፍለቁን ትቶ ጥይቱን ወደ ፊት ሲገፋ ያልቃል። ሁለተኛው ምት የሚሳካውም የመጀመሪያው ጥይቱን ገፍቶ ስላስገባው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካዝናውን ያውጡ፤ መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። የ.22 ብሩሽ በማጽጃ ፈሳሽ ነክረው መጉረሻውን ብቻ ስድስት ሰባት ጊዜ ያሽከርክሩበት፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። የቦልቱን (ጥይቱን ገፍቶ የሚያጎርሰውን ብረት) ፊት፣ ቀለህ ጎታቹን ጥፍርና መርፌው የሚሄድበትን ቦይ ይጥረጉ። 10/22 በየ300 እስከ 500 ጥይቱ ይህን ይፈልጋል። በርሜሉን ግን በየጊዜው አይፈግፍጉ። የ.22 በርሜል በሰሙ ስስ ሽፋን ሲለበስ ነው አመታቱ የሚረጋው፤ ሽፋኑን ካነሱት ወይም የጥይት ዓይነት ከቀየሩ እስኪረጋ ድረስ ከ10 እስከ 20 ጥይት ይበላል።

ከጽዳቱ በኋላ 200 ተኩሰው ይቁጠሩ። ከ100 አንድ ገደማ ከከሸፈ ለጅምላ ጥይት የሚጠበቅ ነው። አሁንም ከ20 አንድ ከሆነ የከሸፉትን በጓደኛዎ ሲዜድ ይሞክሯቸው። እዚያ ከፈነዱ የእርስዎን መርፌና የምት ምንጭ ባለሙያ ይይልዎት። እዚያም ዝም ካሉ ጥይቶቹ የተበላሸ ምርት ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ፎቶ አንስተው ለአምራቹ ይጻፉ። ካርቶኑን የሚጥል ሰው ይህ ማስረጃ አይኖረውም። ጭራሽ የማይፈነዱትን ቤት አይውሰዱ፣ ቆሻሻ መጣያም ውስጥ አይክተቱ፤ ብዙ የተኩስ ሜዳዎች የከሸፈ ጥይት ማስቀመጫ አላቸው። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም ላክል፦ ድምፁ ከወትሮው በጣም ደከም ካለብዎት የሚቀጥለውን አይተኩሱ። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በርሜሉን በዘንግ ይፈትሹ። እርሳሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ከሆነ የሚከተለው ጥይት በርሜሉን ያብጠዋል።

አሁን ወደ መደርደሪያው ባዶነት እንሂድ። 9 ሚሊሜትር የሽጉጥ ጥይት ሲጠፋ ቀለሁን ለቅሞ ቤቱ መልሶ የሚሞላ ሰው አለ። የ.22 ቀለህ ጠርዙ በመርፌ ስለሚጨፈለቅና ቅመሙ እዚያው ውስጥ ስለሚነድ አንዴ ከተተኮሰ አበቃለት። ስለዚህ ተኳሹ ሙሉ በሙሉ በፋብሪካው እጅ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚያመርቱት ሲሲአይ በሉዊስተን አይዳሆ፣ ፌዴራል በአኖካ ሚኒሶታ፣ ሬሚንግተን በሎኖክ አርካንሶ፣ ዊንቸስተር በኦክስፎርድ ሚሲሲፒ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የአንድ ባለቤት፣ የቼኩ ሲኤስጂ ኩባንያ ናቸው። ካርቶኑ ላይ ሦስት ስም ቢያዩም የዋጋው ውሳኔ ከአንድ ቤት ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ከውጭ በብዛት የሚገባው የሜክሲኮው አጉይላ ነው። ለውድድር የሚሆኑት ደግሞ የእንግሊዙ ኢሌይ፣ ጀርመን ሾኔቤክ ውስጥ የሚመረቱት ኤስኬና ላፑዋ ናቸው።

የሪምፋየር ማሽን ሌላ ጥይት አይሠራም፤ የሌላው ማሽንም ለሪምፋየር አይሆንም። ቅመሙ ከደረቀ በትንሽ ምት የሚነሳ ፈንጂ ስለሆነ የሚቀምመው ሠራተኛም እንደ ቀን ሠራተኛ ከመንገድ አይቀጠርም። ፍላጎት ድንገት በእጥፍ ሲነሳ አምራቾቹ ፈረቃ ይጨምራሉ እንጂ አዲስ መስመር አይተክሉም፤ ድንጋጤው ሲበርድ ማሽኑ ሥራ እንደሚፈታ ያውቁታል። በዲሴምበር 2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ የታየው ይኸው ነበር። አዲስ ሕግ ይመጣል ብሎ የፈራው ሰው ሁሉ መሸመት ጀመረ። ከዚያ በፊት 500 ጥይት በ20 ዶላር ገደማ ይገኝ ነበር፤ በድንጋጤው ጊዜ በሁለትና ከዚያ በላይ እጥፍ ተቸበቸበ። ሱቆች ለአንድ ሰው አንድ ሁለት ካርቶን ብቻ ብለው ወሰኑ፤ ሸማቹም ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ተሰለፈ። የሌላው ጥይት እጥረት ሲቃለል የ.22 ለዓመታት ቆየ። ምክንያቱ ርካሽነቱ ነው፦ በወር 200 የሚተኩስ ሰው 5,000 ለመግዛት አይከብደውም፣ ስለዚህ ሁሉም ካስፈለገው በላይ አከማቸ። በ2020 ወረርሽኙ፣ ሁከቱ፣ ምርጫውና አዳዲሶቹ የጠመንጃ ገዢዎች አንድ ላይ ሲመጡ ያው ተደገመ።

ከሁለቱም ጊዜ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። ዋጋው ከጫፉ ይወርዳል፤ ወደ ድሮው 4 ሳንቲም ግን አይመለስም። ጫፉ ላይ የገዙት ከሁሉ በላይ ከሰሩ፤ የአንድ ዓመት ጥይት በእጃቸው የነበራቸው ግን ማዕበሉን ከነመለማመዳቸው አለፉት። እርስዎ መሆን ያለብዎት ሁለተኛውን ነው።

ዋጋ ሲያወዳድሩ የካርቶኑን ትተው የአንዷን ጥይት ይመልከቱ። ካርቶኖቹ 50፣ 100፣ 325፣ 333፣ 500፣ 525፣ 555 እየሆኑ ስለሚመጡ ዓይን ያታልላሉ። በሰላም ጊዜ የጅምላ ጥይት በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳንቲም፣ እንደ ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ያለው ደህና ጥይት ከ8 እስከ 11፣ የውድድር መነሻ የሆነው ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ ከ14 እስከ 20 ሳንቲም አካባቢ ይሄዳል። የ.22 ማግነምና የ.17 ኤች ኤም አር ደግሞ ከ20 በላይ ናቸው፤ ከ9 ሚሊሜትር አይረክሱም። ስለዚህ «ሪምፋየር ርካሽ ነው» የሚባለው ለ.22 ሎንግ ራይፍል ብቻ ይሠራል። ጓደኛዎ ማግነም ልግዛ ቢል ይህን ያስታውሱት።

የክሽፈቱን ኪሳራም እናስላው። በ7 ሳንቲም የገዙት ጥይት ከ100 አምስቱ ቢከሽፍ የሚሠራው አንዱ 7.4 ሳንቲም ገደማ ወጣበት ማለት ነው። ከ9 ሳንቲሙ ደህና ጥይት አሁንም ይረክሳል። ቆርቆሮና የብረት ኢላማ ለመምታት፣ ልጅ ለማስተማር ጅምላው ይበቃል፤ ውዱን መግዛት ብክነት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ወረቀት ላይ ጥይቶቹን ማጠጋጋት ሲፈልጉ ነው። የጅምላ ጥይት ባሩዱና ቅመሙ ከአንዱ አንዱ ስለሚለያይ ፍጥነቱም ይለያያል፤ በ50 ያርድ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሄዳል። እጅዎ ያጠፋው ይሁን ጥይቱ ስለማያውቁ ከልምምዱ ምንም አይማሩም። ለዚህ ሥራ የ2 ሳንቲሙ ጭማሪ ያዋጣል።

ለእርስዎ 10/22 እና ለጓደኛዎ ሲዜድ አንድ ጥይት እኩል አይሆንም። 10/22 ቦልቱን የሚገፋው በራሱ በጥይቱ ጉልበት ነው፤ ደካማ ጥይት ከሰጡት ቀለሁን በወጉ ሳያወጣ ይነክሳል። እርሳሱ 40 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ሆኖ በሰከንድ 1,200 ጫማና ከዚያ በላይ የሚሄድ፣ እንደ ፌዴራል አውቶማች ወይም ሲሲአይ ሚኒ-ማግ ያለ ይስማማዋል። ሲዜድ በእጅ ስለሚጎረስ ይህ አያሳስበውም፤ 1,070 ጫማ የሚሄደውን ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ይስጡት። እሱ ሲነሳም ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። ፈጣኑ ጥይት ግን ከድምፅ በላይ ተነስቶ መንገድ ላይ ከድምፅ በታች ሲወርድ ይረበሻል፤ ረዘም ባለ ርቀት የሚበታተንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሲሲአይ ስቲንገርን ለውድድር በተሠራ መጉረሻ አይሞክሩ፤ ቀለሁ ከተለመደው ይረዝማል። .22 ሎንግ ራይፍልን በማግነም ጠመንጃም አይተኩሱ፤ መጉረሻው ስለሚሰፋበት ቀለሁ ይሰነጠቃል።

የትኛው ጥይት ለየትኛው በርሜል እንደሚስማማ ከካርቶኑ ላይ አይነበብም። ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች እንኳ የተለያየ ይመርጣሉ። ስለዚህ ኬዝ (5,000 ጥይት የያዘውን ትልቅ ካርቶን) ከመግዛትዎ በፊት ከአምስት ዓይነት 50፣ 50 ብቻ ይግዙ። ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስደግፈው፣ በ50 ያርድ፦ ከእያንዳንዱ የመጀመሪያዎቹን 10 በርሜሉ እስኪለምደው ዝም ብለው ይተኩሱ፣ የቀሩትን 40 በአራት ወረቀት አሥር አሥር አድርገው ይምቱ። የአራቱን ስፋት አማካይ ይያዙ። ምርጧን አንዲት ወረቀት ይዞ ጥይት የሚመርጥ ሰው ዕድሉን ነው የሚለካው። አሸናፊው ሲታወቅ ቶሎ ይግዙ፣ ካርቶኖቹም አንድ የምርት ቁጥር ያላቸው ይሁኑ፤ ቁጥሩ ከተለየ ያው ስም ሌላ ጥይት ሊሆን ይችላል።

ምን ያህል? በወር 400 ማለት በዓመት 4,800 ነው፤ ልክ አንድ ኬዝ፣ 5,000። ከዚህ 3,500ው የጅምላ፣ 1,500ው ደህና ጥይት ቢሆን በ7 እና በ9 ሳንቲም ሒሳብ 380 ዶላር ይመጣል። በዓመቱ ውስጥ ግማሹ ሲጎድል እንደገና ይሙሉ፤ ባዶ እስኪሆን አይጠብቁ። ጥይትን በመንግሥት ፖስታ መላክ ስለማይፈቀድ የኢንተርኔት ሻጮች በግል አመላላሽ ነው የሚልኩት፤ 5,000ው 17 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ማጓጓዣው ይሰማል። 500 ጥይት በ32 ዶላር ገዝተው 15 ዶላር ለማጓጓዣ ቢከፍሉ አንዷ 9.4 ሳንቲም ገባች። ያኔ የሰፈርዎ ሱቅ 40 ዶላር ቢልም ይሻላል። ኬዝ ሲገዙ ግን ማጓጓዣው ይከፋፈላል፤ ብዙ ሻጮችም ከተወሰነ ዋጋ በላይ በነፃ ይልካሉ። እንደ አሞሲክ ያሉ ዋጋ አነጻጻሪ ድረ ገጾች የአንዷን ጥይት ዋጋ አስልተው ያሳያሉ፤ የማጓጓዣውን እርስዎ ይደምሩ። ቅናሹ የሚበዛው ከምስጋና ቀን በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ምርጫ ሲቃረብ ወይም የጠመንጃ ሕግ ዜና ሲሆን አይግዙ።

ቀረጥም ከቦታ ቦታ ይለያል። 11 በመቶው የፌዴራል ቀረጥ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ውስጥ ገብቷል። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሌላ 11 በመቶ፣ ኮሎራዶ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ጨምረዋል። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ዋጋ ስታነጻጽሩ ይህን አስገቡ። ኢሊኖይ ፎይድ የሚባል የጠመንጃ ባለቤት መታወቂያ ትጠይቃለች፤ ኒው ዮርክ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ለጥይትም የጀርባ ታሪክ ታጣራለች።

ስለ ሰነድ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ሌላ ክልከላ ከሌለበት፣ ጥይት መያዝ ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር ጠመንጃም ሆነ አንዲት ጥይት እንዳይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ዘመድ ካለዎት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ሳይጠይቅ ወደ ተኩስ ሜዳ አይውሰዱት፤ አንድ ቅዳሜ ለመዝናናት ሲባል የመኖሪያ ፈቃድ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ዕድሜን በተመለከተ ፈቃድ ያለው ሻጭ የጠመንጃ ጥይት ከ18 ዓመት፣ የሽጉጥ ከ21 በታች ላለ አይሸጥም። .22 ለሁለቱም ስለሚሆን 19 ዓመት የሆነውን ልጅዎን ሻጩ «ለጠመንጃ ነው ወይስ ለሽጉጥ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

የገዙትን በነበረበት ካርቶን እንዳለ፣ ጎማ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረው፣ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቆልፉበት፤ ከጠመንጃውም ተለይቶ፣ ከልጆችም ርቆ። እንዲህ የተቀመጠ ጥይት ለአሥርት ዓመታት አይበላሽም። ጋራዥና የመኪና ሻንጣ ግን አይሆኑም፦ በበጋ ሙቀት ሰሙ ይቀልጣል፣ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ሲሄድ ያልበዋል። ዘልቆ የሚገባ ዘይት አይርጩበት፤ እርሳሱ ከቀለሁ ጋር በጥብቅ ስላልታሸገ ዘይቱ ቅመሙን ይገድለዋል። ከተኩስ በኋላ ምግብ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ልብስዎንም ለብቻው ይጠቡ። የእርሳስ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት ጎጂ ነው።

ፍጆታውን መቀነስ ከፈለጉ ከ200ው ግማሹን ያለ ጥይት ይለማመዱ። ቤት ውስጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ የፕላስቲክ የልምምድ ጥይት አጉርሰው ቃታውን ያለ መንቀጥቀጥ መሳብን ይደጋግሙ። ብዙ ተኳሾች ቢጫዋን የግድግዳ ፕላስቲክ መሰኪያ፣ ከ4 እስከ 6 ቁጥር የምትባለውን፣ መርፌው የመጉረሻውን ጠርዝ እንዳይመታ ይጠቀሙባታል፤ መቶዋ በጥቂት ዶላር ትገኛለች።

ቨርጂኒያ ስለሚኖሩ በመጨረሻ የመኪናዎን ወለልና የቦርሳዎን ኪሶች ይፈትሹ። ከቨርጂኒያ ሜዳ ተመልሰው ለእራት ወደ ዲሲ ሲሻገሩ፣ እዚያ ያስመዘገቡት መሣሪያ ከሌለ፣ ወንበር ሥር የተረሳች አንዲት .22 ጥይት ልታስከስስዎት ትችላለች። ለተኩስ የያዙትን ቦርሳ ለአዲስ አበባ ጉዞ አይጠቀሙበት። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጥይት ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው፤ ፈታሹም «ረስቼው ነው» የሚለውን መልስ ቀድሞ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። ለተኩስ ብቻ የሚውል አንድ ቦርሳ ይለዩና ከሳጥኑ ጎን ይስቀሉት።